አራት ጣት ታኮ

በደሉ ይህ ነው። እንጅባራ ያለ አንድ ሆቴል፣ እንግዳ የሚቀበሉ ሴቶች ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ቁመቱ አራት ጣት የሆነ ታኮ ጫማ አድርገው እንዲቆሙ አዘዘ። ወንዶቹን አላዘዘም። የልጄ ልጅ በዚያ ጫማ ላይ ሆና ስትሠራ እግሯ ተሰበረ። ከወራት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይዛ ስትመለስ፣ ታኮውን ካላደረግሽ ቦታ የለሽም ተባለች። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። የሚጽፍልኝ ስላጣሁ ራሴ እጽፈዋለሁ።

በበደሉ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። እሱንም አልደብቅም። የራሱን ጥፋት ሸሽጎ የሌላውን የሚዘረዝር ሰው ሸንጎ ፊት ቢቆም አያምርበትም።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ልጄን አዝዬ። ሙያዬ ግን ሙሉ ነው። ወጌሻ ነኝ። የወለቀ እመልሳለሁ፣ የተሰበረ አስራለሁ። የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ገበሬ ነበር፤ በሬ የረገጠው፣ ፈረስ የጣለው፣ እንጨት ሲቆርጥ ከዛፍ የወደቀ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለእኔ አወረሰኝ።

አባቴ ስብራትን ከወለምታ የሚለይበት አንድ ሕግ ነበረው። «ወለም ያለው ሰው በገበያ ቋንቋ ይጮኻል፤ አጥንቱ የተሰበረ ግን እናቱ ባሳደገችው ቋንቋ ነው የሚጮኸው» ይል ነበር። እኛ አገር ገበያው፣ ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ ነው፤ ቤት ውስጥ አገውኛ። አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ መጣ፤ ከገበሬ ጋር እንኳ በአማርኛ ካልሆነ የማያወራ ኩሩ ሰው። ክርኑን ገና እንደነካሁት በአገውኛ እናቱን ተጣራ። ሌላ ሳልጠይቅ የቀርከሃ ስንጥሬን አወጣሁ። ተሰብሮ ነበር። በዚህ ሕግ አርባ ዓመት ያህል ሠራሁ፤ አሳስቶኝ አያውቅም ነበር።

የልጅ ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ እሷ ገና ሕፃን ሳለች ሞተች። ከገጠር ወደ እንጅባራ የገባነው እሷን ለማስተማር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ በአማርኛዋ ሳቁባት፤ እያለቀሰች መጣች። በማግስቱ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አገውኛ የለም» ብዬ አወጅኩ። ከጎረቤት ጋር በአገውኛ እያወራሁ እንኳ እሷ ስትገባ አቋርጥ ነበር። ትምህርቷ ተቃና። ሙያ ማሠልጠኛ ገብታ የሆቴል መስተንግዶ ተማረች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ከመግቢያው ባንኮኒ ጀርባ ቆማ፣ ከሩቅ የመጣን ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ማለት። መስተዋት ፊት ስትለማመድ እሰማት ነበር።

ሆቴሉ የተቀበላት ቀን ዝርዝር ሰጧት። ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተያዘ ፀጉር፣ ጥቁር ታኮ ጫማ። የጫማው ቁመትም ተጽፏል። እንጅባራ ያገኘነው ወይ አጭር ነው፣ ወይ ከእግሯ ይሰፋል። በሚኒባስ ዳንግላ ድረስ አብረን ሄድን። ሻጩ ጣቶቹን ታኮው ላይ አስደግፎ «ይኸው አራት ጣት፣ ሞልቶ!» አለ። እዚያው የካርቶን ቁራጭ ላይ ቆማ ስትራመድ ገና እንደተወለደ ውርንጭላ ተብረከረከች። እኔ ሳቅሁ። «አማረብሽ» አልኳት። አጥንት የማውቅ ሴት፣ ያን ጫማ አይቼ፣ አማረብሽ አልኩ።

ታኮ አልጠላም። እናቷ ስትዳር አድርጋ ነበር። ጭፈራው ሲደራ አውልቃ ጥግ ላይ ወረወረችውና በባዶ እግሯ ጨፈረች። ጫማ እንዲያ ነው፤ ሲያስመርር የሚወልቅ። ባለቤቱ ሊያወልቀው የማይችል ከሆነ ግን እግር ብረት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

አንድ ወር ሳይሞላ ምን እንደሚያደርጋት አየሁ። ማታ ስትገባ እግሯን ለብ ባለ ጨው ውኃ እየነከርኩ በቅቤ አሻት ነበር። የሰውነቷ ክብደት ሁሉ ወደ ጣቶቿ ወርዷል። ከባቷ እስከ ተረከዟ ያለው ጅማት እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። ትንሿ ጣቷ ጎረቤቷ ሥር ገብታለች። ቆይቶ ሌሎቹም የሆቴሉ ልጆች ይመጡልኝ ጀመር። እግራቸውን በተርታ ዘርግተው ሲቀመጡ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስሉ ነበር።

እንጅባራ ዝናብ አይለቃትም። ወደ እኛ ሰፈር የሚወስደው የድንጋይ ንጣፍ ሲረጥብ ባጃጅ አይወጣውም። ልጂቱ በላስቲክ ጫማ ሄዳ፣ ታኮውን በፌስታል ይዛ፣ በር ላይ ትቀይር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከመስኮት አያትና «ከግቢው በር ውጪ ቀይሪ፣ እንግዳ ያያል» አላት። ከዚያ ወዲያ በዝናብ ውስጥ፣ አጥር ተደግፋ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ትቀይር ጀመር።

እንግዳ ቢኖር ደግሞ እሺ። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን ነበር። ሚኒባሱ አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይቀራል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የማይገባበት አዳራሽ ውስጥ አራት ሴቶች በታኮ ቆመው በሩን ያያሉ። መቀመጥ ክልክል ነው። ወንበር አለ፣ የእንግዳ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ያላት ጊዜ ነጠላዬን አጣፍቼ ሆቴሉ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ክራባት ያሰረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ጎልማሳ ነው።

«እንዴት ዋሉ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ይህን የታኮ ነገር ማን አመጣው?»

«የቤቱ ደንብ ነው እማማ። ለግርማ ሞገስ ነው። እንግዳ ሲገባ ደስ እንዲለው።»

«የትኛው እንግዳ?» አልኩና ዞሬ አየሁ። ከሠራተኞቹ ሌላ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሰላም ሲሆን ይመጣል።»

«እስኪመጣ ይቀመጡ።»

«ደንቡ አይልም።»

«አንተስ ለምን ታኮ አላደረግህም? እንግዳው አንተን ሲያይ ደስ አይበለው?»

«እማማ ደግሞ! እኔ ወንድ ነኝ።»

«ወንድ ከሆንህማ ቻለው! በል ጫማህን አውልቅና የእሷን አድርገህ ደረጃውን ሦስት ጊዜ ብቻ ውጣ ውረድ። ከቻልህ ዳግመኛ አልመጣም።»

ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። «እግሬ አርባ ሦስት ነው እማማ፣ በእኔ ልክ አይገኝም» አለ።

«አየህ፣ ለአንተ የሠራልህ የለም። ለምን ይመስልሃል?»

ክራባቱን አስተካክሎ ወደ ቢሮው ገባ። ማታ የመለሰችልኝ የልጅ ልጄ ናት። «እምዬ፣ ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው? አራት ዓመት ለምኜ ያገኘሁት ቦታ ነው። ሁለተኛ እዚያ እንዳትመጪ፤ በእናቴ ነፍስ።» ጎን ለጎን ተኛን፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እሺ አልኳት። ዝም ማለት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

የወደቀች ቀን ደረጃው ገና መወልወሉ ነበር። ቁልፍ ይዛ ስትወርድ ታኮው አዳለጣት። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ አመጧት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት።

«ወይኔ እግሬን! ኧረ ቀስ እምዬ! ኧረ በማርያም!»

ጆሮዬን ሰጠሁ። ጫን አልኩ። «ወይኔ፣ ወይኔ፣ ገደልሽኝ!» አለች። ጠበቅሁ። አንድም የአገውኛ ቃል አልወጣትም። ወለምታ ነው አልኩ። ደስም አለኝ። አሸሁት፣ ሳብኩት፣ አሰርኩት።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ነገ ካልገባች ሌላ እተካለሁ አላት። እሷ አየችኝ፣ እኔ እግሯን አየሁ። «ወለምታ ነው፣ ጠበቅ አድርጌ ላሰርልሽ» አልኳት። ጨርቁን ጫማው ውስጥ እንዲገባ አቅጥኜ አሰርኩት። ታኮውን ያጠለቅሁላት በገዛ እጄ ነው። ዘጠኝ ቀን ቆመችበት።

በዘጠነኛው ቀን ማታ እግሯ እስከ ባቷ ጠቁሮ መጣች። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን፣ ራጅ ተነሣች። ሐኪሟ የልጅ ልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አሳየችን። አጥንቱ ተሰብሮ፣ ከተሰበረ በኋላ ስለተቆመበት ከቦታው ሸሽቷል።

«ማነው ያሸው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ልትቆጣ ነበር። ነጭ ፀጉሬን አየችና ተወችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መተላለፊያው ላይ ጀሶ እስኪደረግላት ስንጠብቅ አላስችል አለኝ። «ያን ቀን ለምን በአገውኛ አልጮህሽም?» አልኳት። የአባቴን ሕግ ነገርኳት፤ ከዚያ በፊት ነግሬያት አላውቅም ነበር።

እሷም መለሰችልኝ። «እምዬ፣ በአገውኛ መጮህ አልችልም እኮ። ከልጅነቴ አስረስተሽኛል።»

ስለ ሕመሟ ከተናገረችው ሁሉ ያ ቃል ነው አሁንም የሚቆረቁረኝ። አባቴ ሕጉን ሲያወጣ፣ አገውኛ የማትችል የአገው ልጅ ትኖራለች ብሎ አላሰበም። እሷን እንዲያ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ለሥራ፣ ለቢሮ፣ ለዚያ ባንኮኒ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣልኝ ወለምታ ቢመስለኝም መጀመሪያ ራጅ ተነሡ እላለሁ። ብዙዎቹ ወጌሻዋ አረጀች እያሉ ሌላ ዘንድ ሄደዋል።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ለወራት በምርኩዝ ሄደች። እግሯ ጠና፣ ማነከሱ ግን ቀረ አልልም፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድማ ታውቃለች። ሐኪሟ ረጅም ታኮ ማድረግ እንደሌለባት ጽፋ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት። ወረቀቱን ይዘን አብረን ሆቴሉ ሄድን። ያን ጊዜ አትምጪ አላለችኝም።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አላት። «ነገር ግን ለአንቺ ብዬ ደንቡን ብሽር ነገ ሌሎቹም ይመጣሉ። ታኮውን የምትችይበት ቀን ነይ።»

«ሐኪም አትችልም ብሏል» አልኩ። «ዝርግ ጫማ አድርጋ ብትቆም ምኗ ይጎድላል? አፏ ነው የሚቀበል፣ እጇ ነው የሚጽፍ።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግሯን ያበላሸው ጫማው አይደለም። ሰምተናል። የተሰበረ አሽተው የላኩ እርስዎ ነዎት።»

የልጅ ልጄ ክንዴን ያዘች። እውነቱን ነው። የተናገረው ግን ለእውነት ብሎ አይደለም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «የእኔን ድርሻ ተሸክሜዋለሁ፣ መቃብር ድረስ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ያንተን ተሸከም። እኔ በስህተት አሸሁ፤ አንተ ደንብ ብለህ ጽፈህ ነው ያቆምሃት።»

ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት የተጻፈ አለ፣ ስለ ታኮ ግን የተጻፈ አላገኘሁም አለኝ። ለበላይ ጠይቄ ልንገርዎ አለ። ስመለስ ኔትወርክ የለም። ሌላ ቀን ስመለስ ስብሰባ ነው። ሌላ ቀን ስመለስ «እማማ፣ ሌላ ሥራ ብትፈልግ አይሻልም?» አለኝ። ወንበሩን አመስግኜ ወጣሁ።

የቀረኝ የሆቴሉ ባለቤት ነው። እሱ የገጠር ልጅ ነው፣ ፈረሰኛ። በጥር ወር የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ከፊት ከሚጋልቡት ነው። አንድ ዓመት ከፈረስ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ጊዜ የመለስኩለት እኔ ነኝ። ሆቴሉ ጀርባ ፈረሱን ሲያስቦርሽ አገኘሁት። እጄን ሳመኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። የእኔን ጥፋት አስቀድሜ ነገርኩት፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ። በአገውኛ ነው የነገርኩት። እሱም በአገውኛ ሰማኝ።

«ይህ ፈረስህ ቢያነክስ ኮርቻ ታደርግበታለህ?» አልኩት።

«እግዜር ያሳይዎ! ሰኮናውን ሳላይማ እንዴት ብዬ!»

«የእነዚህን ልጆች ሰኮና ማን አየው?»

ሳቀ፤ ከዚያ አልሳቀም። የፈረሱን አንገት ሲደባብስ ቆየ። «ያችን ልጅ አውቃታለሁ» አለ። «አፏ ማር ነው። ጊዜ ይስጡኝ እማማ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ልመካከር።»

ሁለት ጊዜ ሄጄ የለም ተባልኩ። እሷ አልጠየቀችኝም፤ ግን ስገባ ፊቴን ታይ ነበር። ነጭ ሸሚዟን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። መስተዋቱ ፊት ዳግመኛ ስትለማመድ ሰማሁ። «እንኳን ደህና መጡ። ምን እንታዘዝ?» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ እንዳልሰማት። ያን ቀን ነው ለዚህች ልጅ ሌላ ሥራ ፈልጊ ማለት እንደማይቻል የገባኝ።

በሦስተኛው አብራኝ መጣች። ከዳንግላ የገዛነውን ታኮ ሳይሆን ጥቁር ዝርግ ጫማ ቀብታ፣ አሳምራ አድርጋለች። ሸሚዙንም ለብሳዋለች። ባለቤቱ በሩ ላይ ተቀበለን። ባንኮኒው ጀርባ ሌላ ልጅ ቆማለች፤ አዲስ ናት፣ ክብደቷን ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ባለቤቱ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በአገውኛ ጀመረና ልጂቱ እንደማትሰማ ሲገባው ወደ አማርኛ ዞረ።

«እማማ፣ ነገርዎን አልጣልኩም» አለ። «ትመለስ። ዝርግ ጫማዋንም ታድርግ፣ ማንም ቀና ብሎ አይናገራት። እቃ ማጠቢያው ጋ ቦታ አስለቅቄላታለሁ። እዚያ እግሯን ማን ያያል?»